የግብር ሙግት በወጉ

የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ ሲጓዝ፣ የጤፍ ማሳ ግራና ቀኝ በተዘረጋበት ደጋማ ሜዳ መካከል ሉማሜን ያገኛታል። የአዋበል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ፣ እንደ ብዙዎቹ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ሁሉ፣ ገበሬና ነጋዴ፣ መምህርና ቄስ በአንድ ጎዳና የሚተላለፉባት፣ በገጠር ማሳ ያለው ሰው በከተማ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ወይም ለኪራይ ብሎ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የሚሠራባት ናትና፣ አንዱ አባወራ ለማሳው የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፣ ለቤቱ ደግሞ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ከፋይ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት ዓይነት ግብር ሁለት ዓይነት ወረቀት ነው፤ ሁለት ዓይነት ወረቀትም ሁለት ዓይነት ደጅ ነው፤ ከደጆቹ የቱን፣ መቼና በምን ቃል ማንኳኳት እንደሚገባ አለማወቅ ግን ብዙውን ባለጉዳይ እውነት በእጁ ሳለ ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

በእንዲህ ያሉ ከተሞች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አጠገብ በዛፍ ወይም በበረንዳ ጥላ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ተቀምጦ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። በፊቱ የሚቆመው ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ ጋቢውን የተከናነበ ሽማግሌ ነው፤ ከጋቢው እጥፋት ውስጥም አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል።

«አባቴ፣ ይህ ወረቀት የደረስዎ መቼ ነው?» ይላል ጸሐፊው።

«እንጃ ልጄ፤ የገብርኤል ሰሞን ይመስለኛል።»

«የታኅሣሡ ገብርኤል ነው ወይስ የዚህ ወሩ?»

«እሱን ተወውና ግብሩ በዛብኝ፣ ተበደልሁ ብለህ ጻፍልኝ።»

እንዲህ ያለው ምልልስ በአገራችን ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ይሆን! ሽማግሌው የቸኮለው ወደ በደሉ ነው፤ ጸሐፊው ግን ስለ በደሉ ከመጻፉ በፊት ስለ ቀኑ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ነገር ማስረዘም ወድዶ ሳይሆን፣ ቀኑ ካለፈ እውነተኛውም በደል ሰሚ እንደማያገኝ ከልምድ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው። ግብር የበዛበት ሰው እንዴት ይሟገታል? ሥርዓቱን ተከትሎ መሟገት ለደካማው ምን ይጠቅመዋል? ሥርዓቱስ ሲዘጋ ወይም ሲናቅ ምን ይከተላል? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ከቢቸናና ከሞጣ የተሻለ መልስ የሚሰጥ አገር ጥቂት ነው።

ርስትና መዝገብ

የጎጃም ሰው በነገር ዐዋቂነቱና በሙግት ፍቅሩ የሚታወቅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ቅኔ ቤቱ ቃልን መመርመር፣ ሰሙን ከወርቁ መለየት አስተምሮታል፤ ርስቱ ደግሞ በአባትም በእናትም ወገን ትውልድ ተቆጥሮ የሚወረስ ስለነበረ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የዘር ሐረግን በአፉ ይዞ በሸንጎ መካከል ቆሞ የማይከራከር ሰው ድርሻውን ያጣ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚለው ብሂልም የአደባባይ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ መንገደኛውን ከመንገዱ፣ ተጣይውን ከዱላው የሚያቆም ሥልጣን ነበረው።

ጽሕፈትም ቢሆን ለዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በጥንታውያን አድባራትና ገዳማት በሚገኙ የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ጠርዞች ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የሰጪውና የተቀባዩ ስም፣ የዘመኑ ሹማምንትና የምስክሮች ስም ከነግዝቱ ተጽፎ እንደሚገኝ የታሪክ ሊቃውንት በሰፊው ያጠኑት ነገር ነው፤ እነ መርጡለ ማርያም፣ እነ ደብረ ወርቅ፣ እነ ዲማ ጊዮርጊስ የቆሙባት ምሥራቅ ጎጃምም የዚህ ባህል ባለርስት ናት። አባቶቻችን ይዞታቸውን የጠበቁት በሦስት ነገር ነው፤ በጽሑፍ፣ በምስክርና በዘመን ቁጥር። ዛሬ የግብር ሕግ ከባለጉዳይ የሚፈልገው ከእነዚህ ከሦስቱ የራቀ አይደለምና፣ የቅሬታ ሥርዓትን ከውጭ እንደ መጣ እንግዳ ልማድ መቁጠር ከራስ ታሪክ ጋር መጣላት ነው።

የ1960ው ነገር

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት የመሬት ግብርን በገንዘብ ሲደነግግ፣ በአዋጅ ቁጥር 70/1937 መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ለይቶ በጋሻ ልክ አስከፈለ፤ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን መሬታቸው በጋሻ ሳይለካ በቀድሞው ልክ እንዲገብሩ ተፈቀደላቸው። ይህ ልዩነት ከትዕቢት የመጣ አልነበረም፤ መሬትን መለካት ለባለርስቱ ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ መንግሥትም ስላወቀው ነበር። የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ቀላድ፣ በተጣለበት አገር ባለርስት ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ በጎጃም የማይወራበት ቤት አልነበረምና።

በዚህ መካከል፣ በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ አዋጅ ቁጥር 255/1960 ወጣ። አዋጁ የቆየውን አሥራት አስቀርቶ በምትኩ ግብር በእርሻ ገቢ ላይ እንዲጣል ያዘዘ ነበር፤ የገበሬው ዓመታዊ ገቢም በአካባቢው በሚቋቋም ኮሚቴ እንዲገመት ደነገገ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሐሳቡ ርትዕ ያለው ይመስላል፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይክፈል ነው የሚለው። ነገር ግን ገቢን ለመገመት ምርትን ማየት፣ ምርትን ለማየት ማሳን ማወቅ፣ ማሳን ለማወቅ መለካት ይመጣልና፣ የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ ከአዋጁ ውስጥ ያነበበው የግብሩን ልክ ሳይሆን የርስቱን ፍጻሜ ነበር።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚያ 2 ዓመት ቀድመው በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ ከልማድ ውጭ የተጨመረ ግብር የጠየቋቸውን ፊታውራሪ መሸሻን አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎች እንዴት እንደ ተቋቋሟቸው ጽፈው ነበር። ልብ ወለዱ ትንቢት አልነበረም፤ ደራሲው ያደጉበት አገር ሰው ከተለመደው ልክ ያለፈ ግብርን እንዴት እንደሚያይ የሚያውቅ ጸሐፊ የጻፈው ነበር እንጂ።

ገበሬዎቹ ነገሩን የጀመሩት በጠመንጃ አልነበረም። እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌዎችን መርጠው አቤት አሉ፤ አቤቱታቸው ግን የጠበቁትን መልስ አላገኘም። ከዚያም ገማቾቹን አናስገባም አሉ፤ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም በኃይል ለማስፈጸም ቢነሡ፣ ነገሩ ከግብር ክርክር ወደ ዓመፅ ተለወጠ። ጦር ተላከ፤ ከአየርም ድብደባ ደረሰ፤ ማሳ የነበረው የጦር ሜዳ ሆነ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴውን አንሥተው ሌላ ሾሙ፤ ያልተከፈለው ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱም የእርሻ ገቢ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው «እንግዲያው ዓመፁ አሸነፈ» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እውነት ነው፣ አሸንፏል፤ ነገር ግን ያስገኘው ምን እንደነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። የተገኘው ምሕረት ነው፤ ፍርድ አይደለም። የማን ማሳ በምን ልክ ይገመት፣ የተሳሳተውን ግምት ማን ያርመው፣ ገማቹ ቢያዳላ ለማን ይነገር የሚሉት ጥያቄዎች አንዱም ሳይመለሱ ቀሩ። ምሕረት ለተቀበለው ሰው ትልቅ ነገር ቢሆንም ለሚቀጥለው ሰው ሕግ አይሆንም። 7 ዓመት ሳይሞላም በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሻረው፤ በደም የተጠበቀውን ይዞታ የሚያስከብር መዝገብና ደጅ አልነበረም።

ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ይሆናል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173/1953 የግብር ይግባኝ የሚሰማ አካል በጽሑፍ አቁሞ ነበር፤ ዳሩ ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙ አንድ ነገር ነው፣ ገበሬው ደጁን ዐውቆ፣ ደርሶ፣ በቋንቋው ተደምጦ መመለሱ ሌላ ነገር ነው። የይግባኝ መንገድ ከገማቹ ጋር አብሮ ካልመጣ፣ ሰው የሚያየው ገማቹን ብቻ ነው።

ዛሬ ወረቀቱ ምን ይላል

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን ደነገገ። በዚህ ሕግ የቤት ግብር የሚሰላው ቤቱ ሊያስገኝ በሚችለው ዓመታዊ ኪራይ ግምት ላይ ነው፤ መጣኔውም እንደ ኪራዩ ልክ ከ1 ከመቶ እስከ 4.5 ከመቶ ያድጋል። ከዚህ የሚወጣ አንድ ቁም ነገር አለ፤ በዚህ ሕግ ግብር የተጣለበት ሰው መሟገት ያለበት «ቤቴ ይህን ያህል ዋጋ አያወጣም» ብሎ ሳይሆን «ቤቴ ይህን ያህል ኪራይ አያስገኝም» ብሎ ነው። የግምቱን መሠረት ሳያውቅ የሚሟገት ሰው ጠላቱ በሌለበት ሜዳ ይዋጋል።

በአዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር በሚል ስም የታወቀው ይኸው የቤት ግብር በ2015 ዓ.ም. አዲስ ግምት ተሠርቶለት ከፍ ባለ ጊዜ ብዙ ነዋሪ አጉረመረመ፤ እናት ፓርቲ ግን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። የክርክሩ ጭብጥ የብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ከተማው እንዲህ ያለውን ግብር የመጣል ሥልጣን በየትኛው ሕግ አገኘ የሚል ነበር። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ፣ ክልሎች በየከተሞቻቸው ይህን ግብር የሚጥሉበት ማዕቀፍ ተዘርግቷልና፣ ለሉማሜ፣ ለቢቸናና ለሞጣ የቤት ባለቤትም የግምት ነገር ከእንግዲህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የሙግቱ ቅደም ተከተል

በአገራችን የግብር ክርክርን ሥርዓት በዝርዝር የሚያስቀምጠው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። ክልሎች ለሚሰበስቡት ግብር የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉና ባለጉዳዩ የክልሉንና የከተማውን ቀነ ገደብ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ወይም ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይገባዋል፤ የመንገዱን አቅጣጫ ለመረዳት ግን የፌዴራሉ አዋጅ ጥሩ መምህር ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ቀን ነው። በአዋጁ መሠረት ግብር ከፋዩ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ከደረሰው ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣን ማቅረብ አለበት። ጤፍ በሐምሌ ሳይዘራ ቀርቶ በመስከረም ቢዘሩት ዘሩ ምንም የተመረጠ ቢሆን ፍሬ እንደማይሰጥ፣ ጊዜው ያለፈበት አቤቱታም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የተቀበለ ሰው የመጀመሪያ ሥራው፣ ከማዘኑም ከመቆጣቱም በፊት፣ የተቀበለበትን ቀን በወረቀቱ ጀርባ መጻፍና ወረቀቱን ያመጣለትን ሰው ማስታወስ ነው።

ሁለተኛው ነገር ምን እንደሚከራከሩ መለየት ነው። «በዛብኝ» የሚለው ቃል አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል። አንደኛው የሁነት ስሕተት ነው፤ ቦታው 200 ካሬ ሜትር ሳለ 300 ተብሎ ሲመዘገብ፣ መኖሪያው ንግድ ቤት ሲባል፣ የፈረሰው ክፍል እንደ ቆመ ሲቆጠር፣ የጎረቤት ቤት በሌላው ስም ሲጻፍ ማለት ነው። ሁለተኛው የግምት ስሕተት ነው፤ ልኩ ትክክል ሆኖ ዋጋው ወይም ኪራዩ ከአካባቢው በላይ ሲገመት። ሦስተኛው የሕግ ስሕተት ነው፤ የማይገባው መጣኔ ሲሰላ ወይም ሕጉ ከግብር ነፃ ያደረገው ንብረት ሲገበር። አራተኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ ወሳኙ ራሱ ሕግ ያልሰጠውን ሲይዝ። ከአራቱ ውጭ የሆነው «ድሃ ነኝ፣ ራሩልኝ» የሚለው ቃል ነው፤ እርሱም እውነትና የሚያሳዝን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልመና እንጂ ሙግት አይደለምና ወደ ሌላ ደጅ፣ የክፍያ ጊዜ ወደሚያራዝመው ወይም ወደሚምረው ሹም መሄድ አለበት። ሁለቱን በአንድ ወረቀት የሚያቀላቅል ሰው፣ ዳኛው ሙግቱን በልመናው ይመዝንበታል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። አዋጁ ግምቱ ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ ጥሎታል፤ ይህም ለብዙ ሰው መራራ ቃል ነው፤ መራራም ቢሆን ዐውቆ መዘጋጀት ይሻላል። በከተማ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የቀድሞ ዘመን የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የቤቱ ፎቶግራፍ ይሰበሰባል፤ በገጠር ደግሞ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለ። ይህ ደብተር በአማራ ክልል ሲጀመር የሙከራ ሥራው ከተካሄደባቸው ወረዳዎች አንዱ የዚሁ ዞን ጎዛምን ነበርና፣ ምሥራቅ ጎጃም በዚህ ረገድ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ናት። በ1960 ዓ.ም. ልኬት የርስት ማጥፊያ ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ዛሬ በደብተሩ ላይ የሰፈረው ልክ የተጋነነ ግምት ለደረሰበት ገበሬ የመጀመሪያ ምስክሩ ነው።

አራተኛው ማመልከቻው ራሱ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የሚቃወሙትን ነጥብ ለይቶ መግለጽ፣ ሊደረግ የሚገባውን ማረሚያ መጥቀስ፣ ምክንያቱን ማስረዳት። ክርክር የሌለበት የግብሩ ክፍልም መከፈል አለበት፤ ስለ 300ው ካሬ የሚሟገት ሰው የ200ውን ግብር ይዞ መቀመጥ አይችልም። ማመልከቻው ውሳኔውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ይገባል፤ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ማኅተም ያገኛል፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጅ ደግሞ ከባለጉዳዩ ቤት ይቀመጣል። ቅጅ ሳይይዝ የሚመለስ ሰው ምስክር ሳይቆጥር እንደ ተዋዋለ ሰው ነው።

ባለሥልጣኑ ቅሬታውን አጣርቶ ይወስናል፤ በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ግብር ከፋዩ በዝምታው ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። ውሳኔው ካላስደሰተው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ለዚህም ክርክር ካለበት ግብር 50 ከመቶውን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። ከኮሚሽኑ ውሳኔ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ በሕግ ጥያቄ ላይ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ በዚያም መያዣው 75 ከመቶ ይደርሳል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱን ዘሎ በቀጥታ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው፣ ነገሩ ምንም የሚያሳዝን ቢሆን፣ «መጀመሪያ የሥር መንገድህን ጨርስ» ተብሎ ይመለሳል። በዚህ መካከል ያለቀው ጊዜ ግን አይመለስለትም።

በባሕር ማዶም እንዲሁ

ይህ ሥርዓት የድሃ አገር ፈጠራ እንዳይመስለን ወደ ውጭ መመልከት መልካም ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ የንብረቱ አዲስ ግምት ሲደርሰው ይግባኝ የሚልበት ጊዜ 45 ቀን ነው፤ በቴክሳስ ያለው ደግሞ እስከ ሜይ 15 (ግንቦት 7) ወይም ማስታወቂያው ከተላከለት ጀምሮ እስከ 30 ቀን፣ ከሁለቱ የዘገየውን ይይዛል። ካሊፎርኒያ በ1978 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው ሕግ ግብሩን ከንብረቱ ግምት 1 ከመቶ፣ የግምቱን ዓመታዊ ዕድገት ደግሞ ከ2 ከመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። የካሊፎርኒያም ሕዝብ ተቆጥቶ ነበር፤ ልዩነቱ ቁጣው የድምፅ መስጫ ሳጥን ማግኘቱ ነው። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. ቁጣውን የሚያስገባበት ሳጥን አላገኘም፤ ስለዚህም ጫካ ገባ።

ሁለቱም ወገን የሚጠበቅበት

ሥርዓትን ጠብቆ መሟገት ለደካማው ሰንሰለት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ኀይለኛ ሰውማ ያለ ሥርዓትም ያሸንፋል፤ ዘመድ አለው፣ ስልክ አለው፣ ቢሮ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ወረቀት፣ ቀንና ማኅተም የሚያስፈልጉት ለሌላው ነው፤ ባሏ ለሞተባት ሴት፣ ለጡረተኛው፣ ለገበሬው። እነዚህ ሰዎች ከሹሙ ጋር በእኩል የሚቆሙበት ቦታ ቢኖር መዝገቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግብር ከፋዩ የሚጠበቀው ቀን መቁጠር፣ ነጥብ መለየት፣ ማስረጃ መያዝ፣ ያልተከራከረበትን መክፈልና ደረጃ አለመዝለል ነው።

ከመንግሥት የሚጠበቀው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ሥልጣኑም ይበልጣልና። ገማቹን የላከ መሥሪያ ቤት የግምቱን መሠረት በአማርኛ፣ ያልተማረ ሰው ተነቦለት በሚገባው ቃል ይግለጽ፤ ልኩን፣ መጣኔውንና ስሌቱን በወረቀቱ ላይ ያስፍር፤ ቅሬታ የሚቀርብበትን ቦታና የመጨረሻውን ቀን ከሚከፈለው ብር አጠገብ፣ በዚያው መጠን ፊደል፣ ያትም፤ ለሚቀርብለትም ማመልከቻ ምክንያት ያለው መልስ በጽሑፍ ይስጥ። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚደርሰውን ቢቸናና ሞጣ አንድ ጊዜ በደም ጽፈውታል። ዛሬ በየከተማው አዲስ የንብረት ግምት ሊጀመር በተቃረበበት ወቅት፣ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ጽሕፈት ቤቶች ገማች ከመላካቸው በፊት ቅሬታ ሰሚያቸውን ያቁሙ፤ ሕዝቡም ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት ካርታውንና ደረሰኙን ሰብስቦ ይጠብቅ።